ቀይዋ የሙሽራ መኪናና የሊማሊሞ ዳገት

ጋራዡን ለሁለቱ ሠራተኞቼ አስረክቤ ቤቴ ከገባሁ ወዲህ የሚያየኝ ሁሉ «እንዴት ነው ታዲያ፣ አልሰለቸሽም?» ይለኛል። ምን ይሰለቸኛል! ዕድሜ ልኬን ሞተር ሥር ተኝቼ ሰማይ የናፈቀኝ ሰው ነኝ እኮ። አሁን ጠዋት ጠዋት ማራኪ ካለው ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ተማሪ የጫኑ ሚኒባሶች ሲያልፉ በጆሮዬ እመረምራቸዋለሁ። ያኛው ካንዴላው ደክሟል፤ ይኼኛው ማርሚታው ተቀዷል፤ ያ ደግሞ ሾፌሩ ነው የደከመው። ከዚያ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ኮሽ ሳትል ከጎኔ ብቅ ትልና ታስደነግጠኛለች። እሷን ምን ብዬ ልመርምራት? «እለፊ እናቴ» ብዬ እለቃታለሁ።

ስሜ አስካለ ነው። ጎንደር ውስጥ ግን «እትዬ አስካለ ሞተሯ» ካላላችሁ ቤቴን የሚያሳያችሁ የለም።

ሥራ የጀመርኩት አዘዞ በነበረ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀቴን ይዤ ስቀርብ የጋራዡ ኃላፊ፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው በር የሚገባ ሰው ነበሩ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጥሩ ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ትጠርጊያለሽ» አሉኝ። ጠረግሁ። ስጠርግ ስጠርግ የእያንዳንዱን መለዋወጫ ስምና ቦታ ለቀምኩ። መካኒኮቹ ዕቃ ሊወስዱ ሲመጡ «ለምንድን ነው? የተበላሸው እኮ እሱ አይደለም» እያልኩ አላስቀምጥ አልኳቸው። ኃላፊው ሲቆጡ ዋናው መካኒክ አያ ይርጋ ግን ሳቁ። «ይችን ልጅ ለኔ ስጡኝ፤ እዚያ ቆማ አፏን ከምታሠራ እጇን ታሠራ» አሏቸው። እንዲህ ሆኜ ሞተር ነካሁ።

አያ ይርጋ በልጅነታቸው ለጣሊያን መካኒኮች መፍቻ ሲያቀብሉ ያደጉ ሰው ነበሩ። ሞተር የሚያዳምጡት በጎማ ቱቦ ነበር፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ያን ጊዜ ያወራ ሰው ወዮለት! ቆባቸውን አውልቀው መሬት ላይ ይፈጠፍጡታል። ከዚያ ያው ያወራው ሰው አንስቶ፣ አራግፎ፣ በሁለት እጁ ሊመልስላቸው ግድ ነው። ኃላፊው ራሳቸው ሆዳቸው እያስቸገራቸው ጎንበስ ብለው ቆብ ሲያነሡ አይቻለሁ። ያን ቀን ሳቄን የዋጥኩት ጨርቅ ነክሼ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የማይረሳኝ ጥያቄያቸው ነው። የማንኛውንም መኪና ኮፋኖ ከመክፈታቸው በፊት ሾፌሩን «ማኪናህ ከሁሉ በታች የት ትወርዳለች?» ይሉታል። ሾፌሮቹ ይስቁባቸው ነበር። በኛ አገር ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ዳገት ነዋ! ማን ስለ ቁልቁለት ይጠየቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡራተር ውስጥ ጂግለር የምንላት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጅ የምትመጥነው እሷ ናት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ የደጋ መካኒክ ጠባብ ጂግለር ያስገባል፣ ሞተሩም ይተነፍሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ያችው መኪና ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ የተቀነሰው ነዳጅ አይበቃትም፤ ውስጧ ይግላል። «እኛ ደገኞች» ይሉ ነበር አያ ይርጋ፣ «ሰው ሁሉ እኛ የምንስበውን አየር የሚስብ ይመስለናል።»

ከአዘዞ ደባርቅ ካምፕ ተዛወርኩ። እዚያ ብርዱ ሌላ ነው። ጠዋት የግሬደሩ ዘይት እንደ ቅቤ ረግቶ ያድራል፤ ከሥሩ ፍም አስቀምጠን፣ እጃችንንም አብረን እያሞቅን እንጠብቀዋለን። የካምፑ አለቃ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ዓመት ሙሉ «አበጀሽ» ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ለኔ ይሁን ለግሬደሩ አላረጋገጥሁም። ደመወዙ ለልጆቼ ደብተርና ለቤት ኪራይ ደረሰ። የጡረታ ወረቀቱ በኋላ ብዙ ደጅ አስጠናኝ፤ እሱን ማውራት ለናንተም ለኔም ድካም ነው። አያ ይርጋ ባረፉ ጊዜ ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ ማራኪ መንገድ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

አያሌው የመጣው እዚያ ነው፣ ከነቀይ መኪናው።

ጎንደር ውስጥ የስፖርት መኪና ምን ትሠራለች ትሉኝ ይሆናል። ታጋባለቻ! ይህች የአያሌው መኪና ጣሪያዋ የሚነሳ፣ ሁለት ካርቡራተር ያላት፣ ለውድድር ተብላ የተሠራች የዱሮ ነገር ናት። አያሌው ሚኒባሱን ሸጦ ነው የገዛት። ሙሽሮቹን ከኋላ ያስቀምጥና ፒያሳን ይዞራል፤ ግንቡ አጥር ሥር ለፎቶ ይቆማል፤ ጡሩምባውን እያስጮኸ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የሚያስተዳድረው በሷ ነው። እሷ ግን ለሩጫ የተፈጠረች ስለሆነች በእግረኛ ፍጥነት ስትጎተት ይጨንቃታል። አንድ እሑድ ከኋላ በእግር የሚከተሉትን ሚዜዎች ነጭ ልብስ ጥላሸት ቀብታው፣ ልጆቹ ድስት ያጠቡ መስለው ፎቶ ተነሡ።

በዚህ መሃል የጭስ ምርመራው ጠበቀ። ዱሮ ለቦሎ ስትሄዱ የሚያዩላችሁ ፍሬንና መብራት ነበር። አሁን ማርሚታው ውስጥ የሚገባ ዘንግ መጣ፤ ጭሱን ይስባል፣ ቁጥር ይናገራል፣ ከዚህ በላይ ከሆነ አታልፉም። ቀይዋ መኪና ወደቀች። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ወደቀች። አያሌው ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ።

«ቦሎ ካላገኘሁ መንገድ ላይ አልወጣም እትዬ። መንገድ ላይ ካልወጣሁ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

«ምነው፣ እኔ ሞትኩ እንዴ?» አልኩት። ትዕቢቴን እዩልኝ!

ሁለቱንም ካርቡራተር ፈትቼ ጠባብ ጂግለር አስገባሁ። ደባርቅ መንገድ ይዤ ኮሶዬ ድረስ ወጣሁ፤ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ አንዴ አጠበብሁ፣ አንዴ አሰፋሁ፣ ካንዴላዋን አውጥቼ ቀለሙን አየሁ። የዳቦ ቅርፊት መሰለ፤ ሸጋ ነው። ዳገቱን እንደ ወፍ ወጣችው። በማግሥቱ ምርመራውን አለፈች። አያሌው መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ጥብስ ጋብዞኝ፣ እኔም በሰፊው በላሁ።

ጥር መጣ። የደባርቅ ነጋዴ ልጅ ትርንጎ የምትባል የዛሪማ ልጅ ሊያገባ መኪናዋን ተከራየ። አያሌው ሲነሳ ደወለልኝ። «ዛሪማ ወርጄ ሙሽራዋን ላመጣ ነው፤ መርቂኝ» አለ። መረቅሁትና ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዛሪማ! ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ፣ ሙቀቱ ፊት የሚለበልብበት ቆላ! ኮሶዬ ብርድ ላይ የመጠንኩት ጂግለር እዚያ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም። ደገኛ ነኛ! ያን ሁሉ ዓመት የሰማሁት ጥያቄ የት እንደገባ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቆመች።»

«የት?»

«ዛሪማን አልፈን፣ ዳገቱ መሃል። መጀመሪያ አንኳኳች። ከዚያ ጭስ በጭስ ሆነች።»

«ሙሽራዋስ?»

«ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ላይ ሰቀልናት» አለ።

መኪናዋን አስጎትተን ጎንደር አመጣናት። የሞተሩን ክዳን ሳነሳ ፒስተኑ ቀልጦ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠራተኞቼ ቆመው አዩኝ፤ ይዩኝ ብዬ አለቀስኩ። ብረቱስ ይተካል። ሙሽራ ይዛ መንገድ ላይ የቆመች መኪና ግን በኛ አገር ስም ይወጣላታል። ከዛሪማ እስከ ጎንደር «ገደ ቢስ ናት» ተባለች። የሙሽራው ዘመዶች ትርንጎን ራሷን በጎሪጥ ማየት ጀመሩ አሉ፤ ገና ደጃፍ ሳትረግጥ። በኔ ጂግለር የሰው ትዳር!

«ጥገናው የኔ ነው» አልኩት አያሌውን። «ጎንደር ላይ ጭሷ የሚያልፍ፣ ዛሪማ ወርዳ የምትመለስ መኪና ሳልሰጥህ ይህን ጋራዥ አልለቅም።»

«ሁለቱን ባንድ ላይ?» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

የምታውቀው ህሊና ናት። ህሊና ማራኪ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሞተር የምታስተምር ልጅ ናት፤ መኪናዋን እኔ ዘንድ ስለምታሠራ ወዳጆች ነን። ፒስተኑን አሳየኋት። አገላብጣ አየችው።

«እትዬ አስካለ፣ ጂግለር የሚመጠነው ላንድ ከፍታ ነው። ለዛሪማ ብታደርጊው ጎንደር ምርመራ ላይ ትወድቂያለሽ፤ ለጎንደር ብታደርጊው ዛሪማ ትቃጠያለሽ። ካርቡራተሩ ይውጣ።»

«ወጥቶስ?»

«ነዳጁን ኮምፒውተር ይርጨው። አየሩ ስስ ይሁን ወፍራም እየለካ።»

«ኮምፒውተር ከከተትሽባት በኋላ የስፖርት መኪና ናት ወይስ ስልክ?» አልኳት። ተናድጄ ነው። እነዚያን ሁለት ካርቡራተሮች እወዳቸው ነበር፤ አብረው ሲተነፍሱ ድምፃቸው ያምራል። ህሊና ግን ሳቀችና «ስልክ ከሆነች ደውይላት» ብላኝ ሄደች።

ሦስት ቀን ካኮረፍኩ በኋላ ደወልኩ፤ ለህሊና ማለቴ ነው።

ከተጋጨች የቤት መኪና ላይ የነዳጅ መርጫዎቹን ወሰድን። ኮምፒውተሩን ህሊና አስመጣችው። የአየሩን ግፊት የምትለካው ዕቃ ስትመጣ እጄ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት፤ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። አያ ይርጋ ሾፌሩን የሚጠይቁትን እሷ ሳትታክት አየሩን ትጠይቃለች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ትንሽም ቀናሁ።

ከዚያ ደግሞ በጭስ ማጣሪያው ተጣላን። ካታሊስት የሚሉትን ማለቴ ነው፤ የጭሱን መርዝ የሚበላውን። የኛ አገር መካኒክ እሱን ሲያይ መቁረጫ ነው የሚያነሳው፤ ቆርጦ ባዶ ቱቦ ይበይዳል፣ «ዳገት ላይ ያንቃል» ይላል። እኔም እንዲሁ አልኳት።

«ያነቀው በጥላሸት ተደፍኖ ነው» አለች ህሊና። «ሞተሩ ነዳጅ ካላባከነ ምን ይደፍነዋል?»

አስገባነው፤ እውነቷን ነበር።

ለሙከራ ያችኑ ኮሶዬ ወጣን። ህሊና ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እኔ እንደ አያ ይርጋ የጎማ ቱቦዬን ይዤ። አያሌው እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ሞተሩ እንደሚያስነጥስ ሰው እህ ይላል። ላፕቶፑ ላይ ግን ሁሉ ደህና ነው። «ከፊተኛው ፒስተን ነው» አልኩ፣ «ሲለቀው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቶሎ ይከለክለዋል።» ጣቷ ሰሌዳው ላይ ተንጣጣ። «አሁንስ?» «ትንሽ ጨምሪ።» «አሁንስ?» ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ስንባባል ዋልን። ብርዱ ሲጠና አያሌው ጋቢውን አውልቆ ለሁለታችን ደረበልን።

ምርመራው ላይ ሠራተኛው ዘንጉን ከትቶ ቁጥሩን አየና ግንባሩን ቋጠረ። አውጥቶ ጠረገው፤ እንደገና ከተተው።

«ሞተሩ ተነሥቷል?» አለ።

«ኧረ እጅህን አስጠጋ!» አለው አያሌው።

አለፈች። አያሌው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፣ እኔ ቀና አደረግሁት፤ ህሊና ፎቶ አነሳችን። የቀረው ሙሽራ ነበር። ሙሽራ ግን አልመጣም። ሰው መኪናዋን ያደንቃል፣ ከጎኗ ፎቶ ይነሳል፤ ለሠርግ ሲባል «እንዲያው ሌላ አግኝተናል» ይላል። አያሌው አንድ ቀን መጥቶ «ቦሎ አለኝ እትዬ፤ ሥራ ግን የለኝም። ልሸጣት ነው» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ዛሪማ እንውረድና ከዚያ ሽጣት» አልኩት። «ገደ ቢስ ያሏት እዚያ ነው። ዳገቱን ስትወጣ እዚያው ይዩዋት።»

የዛሪማ ገበያ ቀን ወረድን። አያሌው መሪ አልይዝም ስላለ የነዳሁት እኔ ነኝ። ገበያው ዳር ስንቆም ሰው ከበበን፤ የሚነካት ግን የለም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደኋላ ይስባሉ። አንድ ሽማግሌ «አያሌው፣ ምነው ይችን ነገር እንደገና አመጣህብን?» አሉት።

ከሰዉ መሃል አንዲት ልጅ ብቅ አለች፤ ሕፃን ታቅፋለች።

«አያ አያሌው» አለችው፣ «እኔን አላወቅኸኝም?»

አያሌው ያወቃት ቆይቶ ነው። ትርንጎ ናት። ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ፣ አራስነቷን ጨርሳ፣ ወደ ባሏ ልትመለስ የደባርቅ መኪና እየጠበቀች ነበር።

«ይዘኸኝ ሂድ» አለች።

እናቷ ክንዷን ያዟት። «አበድሽ እንዴ? በዚች ገደ ቢስ? ከነልጅሽ?»

«ምኑ ነው ገደ ቢሱ እማ?» አለች ትርንጎ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ገበያተኛው እንዲሰማ እንጂ እናቷ ስላልሰሙ አይደለም። «ባሌ ሸጋ ነው። ልጄ ይኸው። ዓመት ሙሉ 'ይች ልጅ የቆመች መኪና ናት' ሲሉኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ዛሬ በሷው ወጥቼ በሷው እገባለሁ።»

ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ትወጣለች?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ተጠይቄ አላውቅም። አለቆቼ ሁሉ «መቼ ያልቃል?» ነበር የሚሉኝ። «ትወጣለች» አልኩ።

ልጁ አቧራ እንዳይነካው ጣሪያዋን ዘጋን። አያሌው ከጎኔ ተቀመጠ፣ ትርንጎ ከኋላ። ዳገቱን ጀመርን። ሙቀቱ መሪውን አግሎታል። አያሌው የሙቀት መለኪያዋን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መልሶ መለኪያዋን ያያል። አላንኳኳችም። ከኋላችን ጭስ ይኖር እንደሆነ በመስታወት አየሁ፤ የለም፣ መንገዱ ብቻ ነው። አንዱን ጠመዝማዛ ዞርን፣ ሌላውን ዞርን።

«እዚች ላይ ነበር» አለች ትርንጎ።

አውቃለሁ። ዘይቱ የፈሰሰበት ጥቁር ምልክት አስፋልቱ ላይ አሁንም አለ። አያሌው ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥሁት፤ ለዚህ አይደል የተሠራችው! እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በፒያሳ ስትጎተት የከረመች መሆኗን ረስታ ተነሣች፤ ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፤ ምልክቱ ከሥራችን አለፈ።

ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ልጅ ታቅፋ፣ ከሸለቆ እስከ ሸለቆ የሚሰማ እልልታ። አያሌው ደንግጦ ዞረ።

«ያን ቀን ሙሽራ ነበርኩ» አለችው ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች። «ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም።»

ደግማ አለች። ልጁ ነቃ፤ አለቀሰ፤ ሦስተኛ ጊዜ አለች። እኔ ደባርቅ እስክንገባ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም።